ጉዳዩ፦ ልቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ማመልከቻ ጸሐፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ጉዳዩ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየማመልከቻው አናት «ጉዳዩ» ብሎ ሲያሰምር ምላሱም ለምዶበት፣ ወጥ ቤት እንኳ ሲገባ «ጉዳዩ እራት ነው» ይላል።

እሱ ሆዬ የሚያልመው ግን ልብ ወለድ መጻፍ ነው። አስራ አንድ ዓመት ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ አንድ ገጽ አልወጣውም። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ጠረጴዛውን ለስፌት መኪናቸው ከፈለጉት ቆይተዋል።

«እስከ አርብ አንድ ምዕራፍ ካላየሁ ጠረጴዛው የኔ ነው!» አሉ።

ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት መሰብሰብ ጀመረች። እሱን ያስደነገጠው ይሄ ነው። ጠረጴዛው ከሄደ መጻፉም አብሮ ሊቀር ነው እኮ!

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የታላላቅ ደራስያንን ሕይወት የሚያወራ መጽሔት ገዝቶ መኮረጅ ጀመረ። አንዱ ደራሲ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰዓት ይራመዳል ይላል። ጉዳዩም ተራመደና እግሩን ዘፍዝፎ ተኛ። ሌላዋ ገንዳ ውስጥ ተጋድማ ትጽፋለች። ቤቱ ገንዳ የለም፤ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ገባ። ሳፋው እሺ ብሎ አስገባውና አላስወጣም አለ። ሚስቱና አማቱ ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱት።

«ምዕራፍ አንድ ይሄ ነው?» አሉ አማቱ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከልቡ የሚያደንቃቸው አንጋፋዋ ደራሲ ቤተ መጻሕፍት መጥተው ሲያወሩ እጁን አወጣ።

«እርስዎ የሚጽፉት ቆመው ነው ተቀምጠው?»

ደራሲዋ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ፋብሪካ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበርኩ። ‹አትንኩ፣ አትጠጉ፣ ያንሸራትታል።› የመጀመሪያ መጽሐፌ ላይ ሰዎቼ እንደዚያ እየተባባሉ ነው የተዋደዱት። ሌላ ቋንቋ ከየት ላምጣ? አንተስ ምን ትጽፋለህ?»

«ማመልከቻ» አለ እያፈረ።

«ታዲያ ምን ያሳፍርሃል? ሰው ሁሉ የቸገረውን የሚነግረው ላንተ አይደል እንዴ!»

ጉዳዩ እየሮጠ ቤቱ ገባ። አርብ ጠዋት አማቱ የስፌት መኪናቸውን ታቅፈው ሲመጡ አንድ ገጽ ዘረጋላቸው። ሚስቱ ቀድማ ነጠቀችና ጮክ ብላ አነበበች፦

«ለ፦ ዳቦ ቤት ለምትሠራው ልጅ
ጉዳዩ፦ ልቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ዳቦ ስገዛ ልቤን ባንኮኒው ላይ ረስቼ መሄዴ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የማልበላውን ዳቦ እየገዛሁ ነው። ስለዚህ ልቤ እንዲመለስልኝ፣ ይህ ካልተቻለ የርስዎ በምትኩ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።
ግልባጭ፦ ለእናትዎ»

ሚስቱ ድሮ የምትሠራው ዳቦ ቤት ነበር፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ይሄን የመሰለ ነገር ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው ሳፋ ውስጥ የገባኸው?»

አማቱ መኪናቸውን መሬት አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አጠለቁና ገጹን ተቀበሏት። አንብበው ሲጨርሱ ከጉዳዩ ኪስ እስክሪብቶ መዘው፣ እንደ ድሮ ሥራቸው ጥግ ላይ ጽፈው ፈረሙበት፦

«ጠረጴዛው ለአመልካቹ ይፈቀድ። ግልባጩ ግን ያኔ አልደረሰኝም።»