ላቀውን ሳንጭር

ባሌ ላቀው የሚኖረው በመኪናችን ኮፈን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነው። የገባው በነሐሴ ነው። ኮፈኑን ወልውሎ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ መልኩን እያየ ሳለ ሄደ። ፎጣው መሬት ላይ ቀረ፣ ጫማውም ቀረ። የሌላዋን ሴት ባል ውሽማ ትወስዳለች፤ የእኔን ኮፈን ወሰደው።

መጀመሪያ ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ። መጡ፣ አዩት፣ "ደህና ነው እኮ፣ አልከሳም" ብለውኝ ሄዱ። የዕድራችን ዳኛም መጥተው ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አሉና ጤና ይስጥልኝ አሉት። ላቀው ከውስጥ አጎንብሶ አጸፋውን መለሰ። "ሰላምታ ለሚመልስ ሰው ድንኳን አንጥልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እንባዬን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሥራዬ እሱን ማውጣት ነው። መኪናው ታጥቦ አንድም ጭረት ሳይነካው ከደረቀ ላቀው ወደ እኛ ይቀርባል። ከተጫረ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ቂመኛ ነው፤ ነጭ መኪና ላይ ማንም የማያየው ጭረት እዚህ ከሩቅ ይጮኻል። ለላቀው ጭረት ማለት የሽቦ አጥር ነው። መዝለል አይችልም፤ ዞሮ መንገድ እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈጅበታል።

የምንኖረው አዳማ ነው፤ አቧራው ሳይጠሩት ይመጣል። ላቫጆ አልወስደውም፣ ምን ቆርጦኝ! ጎማውን በጠረጉበት ጨርቅ ኮፈኑን ይደግሙልኛል። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ፣ ፀሐይዋ ግድግዳውን ሳትሻገር፣ ጥላ ላይ አጥበዋለሁ። ውሃ በፀሐይ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቡን ለማስለቀቅ ይፈተጋል፤ ሲፈተግ ይጫራል። መጨረሻ ላይ የውሃውን ግፊት ቀንሼ ቱቦውን ከላይ ዝግ አድርጌ እለቅቀዋለሁ። ብዙው ውሃ ተያይዞ በራሱ ይወርዳል። የቀረውን ብቻ በንጹሕ ለስላሳ ፎጣ አደርቃለሁ፤ ፎጣው ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ይነሳል። መፈተግ የለም፤ ክብ ክብ ማሽከርከርማ ጭራሽ! መሬት የነካ ፎጣ የዚያን ቀን ወደ መኪናው አይመለስም።

ባለፈው ጥር ላቀው ሊወጣ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። ሽፋሽፍቱን ሁሉ አይቻለሁ። ያኔ ነው አማቴ እማማ ዘነበች ከሞጆ የመጡት። እኔ ሻይ ልጥድ ስገባ እሳቸው የልጃቸው ፊት ላይ አቧራ አዩ። የነጠላቸውን ጫፍ ምራቅ ነካ አድርገው፣ ልጅ ሳለ ንፍጡን ይጠርጉለት እንደነበረው፣ እሽት እሽት አደረጉት። ስወጣ ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ ጭረት አለ። ላቀው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ቁመቱ ጉንዳን አክሏል።

"ምን አደረጉ እማማ?"

"ልጄን ጠረግሁት።"

"ገደሉኝ!"

ያን ቀን ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ አሁንም አይቆጨኝም። እሳቸውም አለቀሱና ወደ ሞጆ ተመለሱ።

ላቀው ጭረቶቹን ዞሮ መጣ፤ ታጋሽ ሰው ነው። ግን የአዳማ ፀሐይ ቀለሙን ትበላው ጀመር። ኮፈኑ ከጠርዙ ተነስቶ ግራጫ ሆነ፤ ግራጫው የደረሰበት ቦታ ላይ ላቀው አይታይም። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ መሃል ላይ በቀረችው ጥቁር ቦታ ቆሟል። መዳፉን ከውስጥ ለጥፎ፣ ድምፁ ስለማይሰማ በከንፈሩ ብቻ "ዛሬ" አለኝ። ዛሬ ካልወጣ መቼም እንደማይወጣ ገባኝ።

በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች ናቸው። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ እናት ናቸው።

"ነጠላዎን እዚያ ይስቀሉልኝ" አልኳቸው።

"እሺ፣ ሰቀልኩ።"

"ቀለበትዎንም ያውልቁ።"

"ጣቴንስ ልቁረጠው?" አሉና አወለቁ።

አጠብኩ፣ አለቀለቅሁ፣ ውሃውን ዝግ አድርጌ ለቀቅሁት። ጣሪያውንና በሮቹን አደረቅሁ። ስፖኪዮው ውስጥ የተደበቀው ውሃ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከኮፈኑ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ ቀረች፤ ልክ ላቀው ፊት ላይ። እዚያ ስደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈራሁ፣ ምን ይደረግ! አብሬው የሳቅሁት፣ አብሬው የተጣላሁት ሰው እዚያች እርጥበት ሥር ነው ያለው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ይፈትጋል። ይባስ ብሎ ከአጥሩ ወዲያ ነፋሱ አቧራ ማንሳት ጀመረ።

እማማ ዘነበችን አየኋቸው። እጃቸው ጸጥ ብሏል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከሰው ሁሉ ለእሳቸው! ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

"እማማ፣ ይያዙ።" ያልተነካ ፎጣ ሰጠኋቸው።

"እኔ? ደግሞ ብጭረውስ?"

"አይፈትጉትም። ያስቀምጡትና ይጠብቁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪጠጣ።"

ፎጣውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ልጃቸው ፊት ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ማሸት አማረው፤ ጣቶቻቸው ሲታጠፉ አየሁ። ጥርሳቸውን ነክሰው መልሰው ዘረጓቸው። እኔ በነፋሱ በኩል ብርድ ልብስ ወጥሬ ቆምኩ። አቧራው መጣ፣ ብርድ ልብሱን መታው፣ አፌ ውስጥ ገባ። እማማ ንቅንቅ አላሉም። "ና የኔ አባት፣ ና ላቄ" ይላሉ በሹክሹክታ፣ ደጋግመው። ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

ፎጣው መሃሉ ላይ ከፍ አለ። ከሥሩ እጅ ነበር።

ብርድ ልብሱን ጥዬ በአንድ ብብቱ ያዝኩት፣ እማማ በሌላው። ላቀው ፎጣውን ራሱ ላይ እንደደፋ እስከ ወገቡ ወጣ።

"ቀስ በሉ" አለ። "የቀበቶዬ ዘለበት ኮፈኑን እንዳይጭረው።"

"ይጫር!" አልኩት። "እሰይ፣ ይጫር!"

ጎተትነው። ዘለበቱ ከዳር እስከ ዳር ጫረው፤ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል። እማማ በእልልታ አቀለጡት። ላቀው በባዶ እግሩ መሬት ረገጠና "ርቦኛል" አለ።

ከራሱ እስከ ጥፍሩ ውሃ ይንጠባጠባል። እማማ ሊያቅፉት እጃቸውን ዘርግተው ቆም አሉ። ፊቱ የላቀው ፊት ነው፣ ያው ጠይምነቱ፤ ግን ያበራል፣ ደመናው በግንባሩ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ፀሐይዋም ግድግዳውን ልትሻገር ደርሳለች።

"ቶሎ በይ፣ ሳትደርስበት" አሉኝ እማማ። ንጹሕ ፎጣ አነሱና ትከሻው ላይ ዘርግተው አስቀመጡ፤ ሳይፈትጉ። እኔም ሌላ ፎጣ አንስቼ ጉንጩ ላይ አኖርኩ፣ እስኪጠጣ ጠበቅሁ፣ አነሳሁት።

ጉንጩ ላይ ራሴን አየሁ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። እዚያ ያለችው ትስቃለች።