ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ

እና አሁን እሷ ትጀምር? ማን ይሙት፣ እሷ አትጀምርም፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እግሯን አነባብራ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራለች፣ ማዶው ቀይ ነው፣ ወዲህም ቀይ ነው፣ ከእግሯ ሥር ያለው አሸዋ ቀይ፣ ሰማይ ጥግ ድረስ ቀጥ ብሎ የቆመው ገደል ቀይ፣ እንዲህ ያለ ቀይ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፣ ያምራል፣ አዎ ያምራል፣ ግን ያምራል ብላ የምትነግረው ሰው የላትም፣ ሰውዬው ከጀርባዋ አልፎ ሄዷል። ጫማው አሸዋውን ሲረግጥ ሰምታለች። አልዞረችም። ገደሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍባቸው ሦስት ጠባብ ስንጥቆች ናቸው፣ የትኛው ውስጥ እንደገባ እንኳ አላየችም፣ ለምን ብላ ታያለች፣ ይግባበት።

ሰውዬው ማለት ባሏ ነው። ሰላም በሆኑ ጊዜ አናጢው ትለዋለች፣ ፍቅር ሲበዛ አናጢዬ፣ ሲኮራረፉ ግን ሰውዬው ነው፣ በሆዷም ቢሆን ሌላ ስም አትሰጠውም፣ እሱም ያው ነው፣ ደህና ሲሆኑ ማይኬ ይላታል፣ ከማይክሮፎን ያወጣላት ስም ነው፣ ሲያኮርፍ ግን ምንም አይላትም፣ ያንኳኳል። የቤታቸው ሕግ ነው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ አለ፣ ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ። ታዲያ ሰው ሳይበላ አያድርም፣ እራት ሲደርስ ያበሰለው ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ይመታል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሁልጊዜ ሁለቴ፣ ቀርቧል ማለት ነው፣ ሌላው ደግሞ ወዲያው አይመጣም፣ ወዲያው ከመጣ ምኑን አኮረፈ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ይቆይና በዚያ ሲያልፍ ድንገት ያየው መስሎ ቁጭ ይላል፣ የቀዘቀዘውን ሁለቱም ዝም ብለው ይጠጣሉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን ነው ያለው? የእነሱ ዝምታ ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ነቅዞ ሸትቷል።

ይሄን ያህል ግን ተኮራርፈው አያውቁም። ያላትስ ነገር! ስንት ዘመን ሙሉ አውቶቡስ ተራ፣ መስታወት ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ ላይ ተደፍታ፣ የተከበራችሁ መንገደኞች፣ አውቶቡሱ ለመነሣት ዝግጁ ስለሆነ ቦታ ቦታችሁን እንድትይዙ በአክብሮት እናሳስባለን፣ ስንቱን ከመቅረት አድናለች፣ ሻንጣውን እየጎተተ የሚሮጠውን በድምጿ ስባ አስገብታለች፣ ሕዝቡ መልኳን አያውቅም ድምጿን ግን የማያውቅ የለም። አንድ ቀን አለቃዋ ጠራትና እስቲ ገብተሽ ሁሉንም ቃል አንብቢልን፣ ለማስታወሻ ነው አላት፣ አነበበች፣ የበሮቹን ቁጥር፣ የከተሞቹን ስም፣ ለተፈጠረው መዘግየት ይቅርታ እንጠይቃለን የሚለውን ሳይቀር አነበበች፣ ቀረጹት፣ በሳምንቱ ኬክ ቆረሱላት፣ አጨበጨቡ፣ ለሁለት ሰው የጉብኝት ትኬት በፖስታ ሰጧትና በሰላም ሂጂ አሏት፣ በሩን ስትወጣ ድምጿ ከጣራው ላይ የተከበራችሁ መንገደኞች እያለ ነበር። እሷ ውጭ፣ ድምጿ ውስጥ። እቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፣ የባሏ ወንድም ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ተቀምጧል፣ ነገረቻቸው፣ ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? ተመስገን ነው እንጂ፣ ድምፅሽን ወሰዱና አንቺን መለሱልኝ። ብሎ ሳቀ። ወንድምየውም ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣች፣ ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

ትኬቱ ግን ቀን አለው፣ አይመለስም አይቀየርም፣ ስለዚህ መጡ፣ ዝም ተባብለው ሻንጣ አዘጋጁ፣ ዝም ተባብለው ተሳፈሩ፣ ጭራሽ ከፊታቸው የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው፣ ልጆቼ እንዴት ያላችሁ ጨዋ ባልና ሚስት ናችሁ፣ መንገዱን ሙሉ አንዲት ክፉ ቃል ከአፋችሁ አልወጣችም አሏቸው፣ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ በጎን ብታይ የሰውዬውም ከንፈር ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ቢስቁ ነገሩ አልቆ ነበር፣ እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ እሱ አሳለው።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ምንድን ነው? ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ነው። ከውስጥ ነው፣ ከስንጥቆቹ ካንዱ። አሃ፣ ሰውዬው ነዋ፣ የሚያምር ነገር አግኝቶ ነይና እዪ መሆኑ ነው፣ ገደል ውስጥም ገብቶ ያንኳኳል፣ አፍ የለውም? ደግሞ አናጢ ያገኘውን ሁሉ ካላንኳኳ አያምንም፣ ውስጡ ባዶ ነው ድፍን ነው እያለ በር ያንኳኳል፣ ሣጥን ያንኳኳል፣ ገበያ ወጥቶ ሐብሐብ ያንኳኳል፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊጠይቃት የመጣ ቀን የአባቷን ግድግዳ ሲያንኳኳ አይተው አባቷ፣ ይሄ ሰው ልጅቷን ነው ወይስ ቤቱን ነው የፈለገው ብለዋል፣ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ጠቅ፣ ጠቅ። ሰምቻለሁ ጌታው፣ ሰምቻለሁ፣ በአፍህ ጥራኝ። ማይኬ ይበላትና ወዲያው ትነሣለች፣ እውነቷን ነው፣ ሳታንገራግር ነው የምትነሣው፣ አንዲት ቃል ናት፣ ምን ይከብደዋል? እስከዚያው ይቀዝቅዝ።

ወይ ዝምታ። ጆሮዋ የለመደው ጥሩንባ፣ የረዳት ጩኸት፣ የሻንጣ ጎማ ነው፣ እዚህ የራሷን ደም ትሰማለች። ቅድም ከላይ ጠርዙ ላይ የሚንጫጩ ወፎች ነበሩ። የሉም። መቼ ነው ዝም ያሉት? አንዲት እንሽላሊት ከአሸዋው ተነሥታ ግድግዳውን ትወጣለች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ሌላም፣ ሁሉም ወደ ላይ ነው፣ ምን ታይቷቸው ነው? ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ፈጠን አለ ደግሞ፣ ችኩል፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማም? ከስንጥቆቹ ነፋስ ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ፊቷን ትሰጠዋለች፣ አፈር አፈር ይላል፣ ርጥብ አፈር፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፣ በሁለቱ ገደሎች መሀል እንደ መቀነት ተዘርግቷል፣ ደመና የለ፣ ጠብታ የለ፣ ታዲያ አፈሩን ማን አርጥቦት ነው የሚሸተው?

ሴትየዋ።

ወይኔ፣ ሴትየዋ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ጠዋት በሩ ላይ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ ሰውዬው ውጭ ደረጃው ላይ ጫማውን እያሰረ፣ ስሚኝማ እህቴ፣ እታች ስትወርዱ ሰማዩን አትመኑት፣ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ሲመጣ ጎርፍ ነው፣ መጣሁ አይልም፣ ወፉ ዝም ካለ፣ አፈር ከሸተታችሁ፣ ዕቃችሁን ጥላችሁ ውጡ፣ ስንጥቆቹ ውስጥማ ጭራሽ እንዳትገቡ፣ ለባለቤትሽም ንገሪልኝ አደራ። እሺ፣ እነግረዋለሁ አለቻት። እነግረዋለሁ! መንገዱን ሙሉ ምላሷ ላይ ነበር፣ መንገር ግን መናገር ነው፣ መናገር መሸነፍ ነው፣ ይሄን በመሰለ ፀሐይ ደግሞ፣ ሴትዮዋ እንግዳ ማስፈራራት ለምዶባት ነው አለችና ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ስሙን ለማታውቀው መንገደኛ ሁሉ ተጠንቀቁ ስትል የኖረች ሴት። በአክብሮት እናሳስባለን ስትል የኖረች። ለገዛ ባሏ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው ለእሷ ነው።

ጠቅጠቅጠቅጠቅጠቅ።

ይሄ የእራት አይደለም።

ተነሥታለች፣ መቼ እንደተነሣች አታውቅም፣ ቦርሳው ከጭኗ ወድቆ ብርቱካኑ አሸዋው ላይ ተንከባሏል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ በይ እንጂ፣ ምን ይዞሻል፣ ወሰዱት እኮ፣ ድምፅሽን ወሰዱት፣ ተይ አሁን እሱን፣ እና ያኔ ትሰማዋለች፣ ከሩቅ፣ ከላይ፣ ከገደሉ ጀርባ፣ ታውቀዋለች ይሄን ድምፅ፣ ንጋት ላይ አውቶቡሶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሞተር ሲያስነሡ የመስታወቱ ክፍል ወለል እንዲህ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ እግሯ ያውቀዋል፣ ጥርሷ ያውቀዋል፣ እዚህ ግን አውቶቡስ የለም።

የተከበራችሁ፣ ይላል ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ የተስተካከለ፣ አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ውጣ! ውሃ! አናጢው፣ ውሃ መጣ፣ ውጣ!

ውጣ ይላል ግራው ገደል። ውሃ መጣ ይላል ቀኙ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ ይላል ከላይ፣ የገዛ ድምጿ ነው፣ እሷ እዚህ ቆማ ድምጿ ያለ እሷ ሸለቆውን ይዞራል፣ ቀረጹት እንዴ እዚህም? ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ሳቅ፣ ልቅሶ የቀላቀለ ሳቅ፣ ማይኬ! አንቺ ነሽ የጀመርሽው! አሸነፍኩ!

እግዜር ይይልህ፣ አሸንፍ፣ ግዴለህም አሸንፍ፣ ለምን አትወጣም?

እግሬ ተይዟል፣ ሁለት ድንጋይ መሀል ገብቶ አልላቀቅ አለኝ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ ሳንኳኳ!

ታዲያ ለምን አትጠራኝም አንተ የተረገምክ?

አንቺስ ለምን አልመጣሽም?

የትኛው ውስጥ ነህ? ስንጥቁ ሦስት ነው፣ የትኛው ነው?

ይነግራታል፣ እየነገራት ነው፣ ግን ቃሉ ከሦስቱም ይወጣል፣ ከግራው፣ ከመሀሉ፣ ከቀኙ፣ አሸዋውን ታያለች፣ አሸዋው የትናንት ጎብኚ፣ የትናንት ወዲያ ጎብኚ ኮቴ ብቻ ነው፣ ወደ ሦስቱም የገባ፣ ከሦስቱም የወጣ፣ ያኔ ብትዞሪስ ኖሮ፣ አንገትሽ ይቆረጥ ነበር? እሱ ማውራቱን አላቆመም፣ የሁለት ሳምንቱ ባንድ ላይ ይወርዳል፣ ለቀልድ ነው እኮ ያልኩት ማይኬ፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ነበርሽ፣ ማታ ስትመጪ ድምፅሽ አልቆ ነው የምትመጪው፣ ለኔ የሚተርፍ አልነበረም፣ አሁን የኔ ሆነች ብዬ ነው፣ የኔ ሆነች፣ ሆነች ይላል ገደሉ፣ ሆነች፣ ሆነች፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች፣ እና ከሦስቱም ስንጥቆች ሥር ቀጭን ቀይ ውሃ እየተሳበ ይወጣል፣ ከፊቱ ደረቅ ቅጠልና አረፋ እየገፋ፣ ቀስ ብሎ፣ ብርቱካኑን አነሣው፣ ወሰደው።

ዝም በል! ትለዋለች። ሁለት ሳምንት የጠበቀችውን አፍ ዝም በል ትለዋለች። አናጢዬ፣ ዝም በልና አንኳኳ፣ አፍህ ከየትም ነው የሚመጣው፣ አንኳኳልኝ!

ዝም ይላል።

ጆሮዋን ግራው ስንጥቅ አፍ ላይ ድንጋዩ ላይ ትለጥፋለች፣ ድንጋዩ ጉርምርምታ ብቻ ነው፣ አውቶቡሶቹ ቀርበዋል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ይዟታል፣ ወደ መሀሉ ትሮጣለች፣ ትለጥፋለች፣ የራሷ ልብ ነው፣ ድው ድው፣ አንተ ልብ ዝም በል፣ ወደ ቀኙ፣ ጉንጯ ይፋቃል፣ እባክህ፣ በሞቴ፣

ጠቅ፣ ጠቅ።

ድንጋዩ ውስጥ። ዝግ ብሎ። የእራቱ።

መጣሁ ትላለች፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ለዚያ ድምፅ መጣሁ ብላ አታውቅም፣ መጣሁ፣ ትከሻዋን አስገብታለች፣ ግድግዳው ከፊት ደረቷን ከኋላ ጀርባዋን ይጫናታል፣ ብርሃኑ ቀርቷል፣ አታቋርጥ፣ ጠቅ ጠቅ፣ እሰማሃለሁ፣ ውሃው ጉልበቷን አልፏል፣ ይገፋታል፣ በረዶ ነው፣ መጣሁ አናጢዬ፣ ዛሬ አልቆይም፣ ሳይቀዘቅዝ ነው የምደርሰው፣ እጇን ዘርግታለች፣ ጣቷ ድንጋይ ነው የሚነካው፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አንኳኳ፣

ጠቅ።

መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትቆማለች፣ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው፣ ሁለተኛውን ትጠብቃለች፣