የሞሚና ታፔላ

ዩስራ ቱርክ አገር፣ ኢዝሚር ሄዳ የምትማረው የፊደል ሥራ ነው። ሀ ሁ መቁጠር አይደለም፤ እሱንማ አገሯ ጭሮ ጨርሳው ነው የሄደችው። መምህሯ ተማሪዎቹን በየሰፈሩ ያዞራቸዋል፤ ከሱቅ ታፔላ፣ ከበር ቁጥር፣ ከመርከብ ጎን ፊደል ለቅመው የሰፈሩን ስም በዚያው ፊደል ይጽፋሉ። እሷም የወደቡን ስም በዓሣ ሻጮች ሰሌዳ ፊደል ጽፋ ተጨብጭቦላታል።

ለዓመቱ መዝጊያ አውደ ርዕይ የታዘዙት ግን የየራሳቸውን አገር ነው። የአይሱዙ ሹፌሩ ወንድሟ አክረም በደሳ ከተማ የቡና ጆንያ ላይ የታተመውን፣ ቦኬ ከተማ የወፍጮ ቤት በር ላይ የተጻፈውን እያነሳ ላከላት። ለጭሮ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቷን የልብስ ስፌት ቤት ታፔላ። ላሜራው ላይ የጻፈችው እናቷ ሞሚና ናት። ቦታ ቢጠብባት የመጨረሻዋን ፊደል ጥጉ ላይ ሸጉጣታለች። ሞሚና ከሞተች ወዲህ ከእጇ የቀረ ሌላ ጽሑፍ የለም።

ዩስራ ለአባቷ ለአብዱልቃዲር ደውላ፣ ታፔላውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላት፣ ባሕር ማዶ ሰው እንደሚያየው ነገረችው። ለምን እንደፈለገችው አላስረዳችውም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግድግዳውን የማይቀባ ሰው ደግሞ እዚያ አገር የለም። በማግስቱ ፎቶው መጣ፤ በሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ባነር፣ በኮምፒውተር ፊደል «ዩስራ ልብስ ስፌት»፣ ከሥሩ አብዱልቃዲር ኮቱን ለብሶ።

መልሳ ደውላ አሮጌው የት ደረሰ አለችው። ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በላይ እንደሰቀለው ነገራት። እሱን እንዲያነሳላት ለመነችው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባነሩን አሳዪያቸው። ያቺን ተያት።»

«ስንት ዓመት መንገድ ላይ ተሰቅላ ኖራ የለ፣ አባ?»

«መንገዱ ያውቃታል። ሲያልፉ የሚያነቧት ሞሚናን የሚያውቁ ናቸው። እዚያ ማን ያውቃታል?»

ዩስራ ተናደደች። አባ ሳያይ አንሳልኝ ብላ ለአክረም ጻፈች፤ እሱ እንደሆነ እምቢ አይላትም። ስታነበው ደስ አላላትም፣ ሳትልከው አጠፋችው።

የአውደ ርዕዩ ዕለት ጭሮ በባነሩ ፊደል ተጽፋ ተሰቀለች። መምህሩ ዞር ዞር ብሎ አየና ከሥራዎቿ ሁሉ ደካማው ይኸ ነው፣ የማንም እጅ አይታይበትም አላት። ልክ ነህ አለችው። እጅ የሚታይበት ታፔላ የት እንደተሰቀለ ግን፣ ሆድ ይፍጀው ብላ አልነገረችውም።