የዳለቻዋ ላም ምልክት

ሰቢሪና በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ሮቤ፣ አባቷ ቤት ስትገባ፣ የያዘችው አንድ ቦርሳና ስምንት ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት ነበር። የምትሠራበት ድርጅት የጠፉ ከብቶችን የሚያፈላልግ የስልክ መተግበሪያ ሊያወጣ አስቧል። አለቃዋ ሮሚ፣ «ንድፍ የሚሠራው ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፣ ፍለጋውን ከምን እንደሚጀምር ጽፈሽ አምጪ። ዕቅዱ ካሳመነን ሥራውን ሮቤ ሆነሽ ትመሪዋለሽ» ብላታለች። ልትመለስ እንደምትችል ለአባቷ ለኦቦ ሙህዲን አልነገረችም። ሰባት ዓመት ሙሉ «ለዒድ እመጣለሁ» እያለች ሳትመጣ ስትቀር ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ባይሳካስ?

ኦቦ ሙህዲን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ወረቀቱን ተቀበሏት።

«ላም ጠፍታብዎታለች እንበል፤ ይሄ ስልክዎ ነው። ጣትዎን የት ያሳርፋሉ?» አለቻቸው።

«የመጀመሪያው ምን ይላል?»

«ስልክ ቁጥር።»

«ቀጥሎስ?»

«ቀለም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ድብልቅ።»

ኦቦ ሙህዲን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ድብልቅ የሚባል ላም የት አየሽ? ዝንጉርጉሩ ቡሬ አለ፣ ቀይ ዳማው መጋላ አለ፣ አመድማው ዳለቻ አለ። ደግሞስ ሰው ገበያ መሐል ቆሞ ከሰላምታ በፊት ስልክ ቁጥር ይጠራል? መጀመሪያ የአገሩን ሰላም ይጠይቃል። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ላሚቱ የት እንደዋለች፣ የጆሮዋን ምልክት ይናገራል። ሰዉም ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። የሰማ ደግሞ አይረሳም።»

ሰቢሪና አፈረች። በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ይህንኑ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ አዲስ አበባ ምን አስነክታት እንደዘነጋችው እንጃላት። ፊደል የለየችው እንኳ በዚያ በሮቤ ብርድ፣ የቤታቸው ዳለቻ ላም አንገት ሥር ተወሽቃ ነበር። ሙቀቱ ጉንጯ ላይ ያለ መሰላት።

ሣጥኖቹን ሰርዛ ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ ከፈተች። «ገበያ የቆሙ ይምሰልዎት። የእኛን ዳለቻ ያፈላልጉ።»

ኦቦ ሙህዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነጋ ቡልተኒ? በሰላም አደራችሁ? አገሩ ሰላም ነው? እኔ ሙህዲን ጃርሶ ነኝ። ዳለቻ ላም፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ ስትታለብ ዓይኗን የምትጨፍን። ያያት ሰው ካለ…» ቆም አሉ። «ያያት ሰው ካለ አይመልሳት። ለልጄ ዩኒቨርሲቲ ብዬ የሸጥኳት ናት። ሁለት ጊዜ ከገዢዋ አምልጣ፣ ብቻዋን መጥታ ደጄ ላይ ቆማለች። ሁለቴም በእጄ ጎትቼ መልሻታለሁ።»

ሰቢሪና ይህን ሰምታ አታውቅም። ስልኩ መቅዳቱን ቀጥሏል፤ አላጠፋችውም።

«አባ» አለች፣ «ዕቅዱ ከተወደደልኝ እኔም እመለሳለሁ። ሥራው እዚሁ ሮቤ ነው።»

ኦቦ ሙህዲን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና የተሰረዘውን ወረቀት ገልብጠው ንጹሑን ገጽ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ታዲያ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አሉ። «በይ ጻፊ። አንድም ነገር እንዳይቀርብን።»