የወልደጻድቅ በርጫ

ወልደጻድቅ ጫት ጀመረ የሚለው ወሬ ሳቢያን ሰፈርን አዳርሶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ድሬ እንዲህ ናት፤ ሰው እዚህ ሲያስነጥስ ማዶ ሰፈር «ይማርህ» ይሉታል።

ግማሹ እውነት ነበር። ሰውዬው በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ተዝለፍልፎ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣ እሱም የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁን ቆልፎ በወዳጁ በዓብዱልአዚዝ በረንዳ ላይ፣ በርጫ ከያዙት ቃሚዎች መሀል ይቀመጣል። መቀመጥ ብቻ። ቅጠል በአፉ አይዞርም። ዓብዱልአዚዝ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀርብለታል፣ ጨዋታ ይሰማል፣ ሙቀቱ ሲበርድ ተነስቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

የሚሄደው ለናሁሰናይ ብሎ ነው። ናሁሰናይ የክርስትና ልጁ ነው፤ ከፋብሪካ ሥራው ከተቀነሰ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር አታንሱብኝ ብሎ ውሎውን እዚያ በረንዳ ላይ አድርጓል። ወልደጻድቅ መጀመሪያ ለመነው፣ ቀጥሎ ተቆጣው፤ አልሆነም። እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ አለና ሄደ። ስብከት የለ፣ ምክር የለ። ልጁ ግን ፊት ነሳው። «ጋሼ፣ ሰላይ አድርገው ነው የላኩህ?» እያለ በሰው ፊት ይቀልድበታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሕፃናት የሚያስተምርበት የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ አቶ ፍቅረ ማርያም አስጠሩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስም ይፈራሉ እንጂ።

«ወንድሜ፣ እንደማትቅም እኔ አውቃለሁ» አሉት። «ሕዝቡ ግን ልጆቻችንን በርጫ የሚውል ሰው ያስተምራቸዋል ወይ ይላል። ወይ እዚያ መሄዱን ተው፣ ወይ ማስተማሩን።»

ወልደጻድቅ ልጅ አልወለደም፤ እነዚያ ሕፃናት «መምህር፣ መምህር» እያሉ ሲንጋጉበት ነው ሰው የሆነ የሚመስለው። ይህን ሲነጥቁት ምን ይቀረዋል?

«ናሁሰናይን ለክርስትና ያቀፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ካህኑ ታምናለህ ወይ ሲሉ፣ እሱ አፍ ስላልፈታ አምናለሁ ብዬ የመለስኩለት እኔ ነኝ። አሁን ሰው ሐማኝ ብዬ ያን ቃል ልብላው?»

«እና?»

«እና ማስተማሩን ተረከቡኝ።»

ደጅ ሲደርስ እንባው መጣ። አለቀሰ፤ ግን አልተመለሰም።

ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ተገኘ። ወሬው ቀድሞታል።

«ኧረ አቦ ወልዴ፣ ማስተማሩን አስጣሉህ አሉ?» አለ ዓብዱልአዚዝ። «ወላሂ ይሄ ግፍ ነው።»

ናሁሰናይ መቃሙን አቆመ። «በኔ ምክንያት?»

«ራሴ መርጬ ነው» አለ ወልደጻድቅ።

ልጁ ዓይኑ ደም ለበሰ። «ማን ለመነህ? ሂድ አቦ፣ ሂድልኝ። ሁለተኛ ፊትህን እንዳላይ።»

ወልደጻድቅ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ተነሳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ አቶ ፍቅረ ማርያም አዲስ አስተማሪ ሊያስተዋውቁ ነው። ወልደጻድቅ ከኋላ ተቀምጧል። በዚህ መሀል ናሁሰናይ ገባ፤ ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ ሸሚዙን እንኳ በቅጡ አልቆለፈም።

«የምቅመው እኔ ነኝ» አለ ፊት ወጥቶ። «እሱ አንዲት ቅጠል አልቀመሰም። ሰድቤዋለሁ፣ አባርሬዋለሁ፣ ደግሞ ይመጣል። ሥራ ያጣሁ ጊዜ ከናንተ አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። የመጣው እሱ ነው፤ እሱንም ቀጣችሁት።»

አቶ ፍቅረ ማርያም ፊታቸው ቀላ። «አጥፍተናል» አሉ በመጨረሻ። «ወልደጻድቅ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ግባና አስተምር።»

ወልደጻድቅ ግን ናሁሰናይ ሲወጣ አይቶ ተከተለው። «ቆይ፣ አብረን እንሄዳለን።»

«ተመለሰ እንዳትል፣ ጋሼ። ልመሰክርልህ ብቻ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኛል። እንሂድ።»

ናሁሰናይ በመስኮቱ ሕፃናቱን አያቸው። ድምፁ ዝቅ አለ። «አንተ አስተምር። እዚህ ዛፉ ሥር እጠብቅሃለሁ።»

ወልደጻድቅ አመነታ። ይህ ልጅ ስንት ጊዜ መጣሁ ብሎ ቀርቷል። ባጃጅ ከደጅ አይጠፋም፣ በርጫውም ሊጀመር ነው። ራሱን ሲመረምር ግን ለዚህ ልጅ እስከ ዛሬ ያልሰጠው አንድ ነገር ነበር። ሄዶለታል፣ ስድቡን ችሎታል፣ ጸልዮለታል፤ አምኖት ግን አያውቅም።

«እሺ» ብሎት ገባ።

ሕፃናቱ ተንጫጩበት። የክፍሉ መስኮት ዛፉን ፊት ለፊት ያሳያል። ወልደጻድቅ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመና ትምህርቱን ጀመረ፤ እስኪጨርስም ዞር አላለም።