የሠንጠረዥ አራት ስህተት

ጫማ ፋብሪካው ውስጥ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል። እንኳን ፕሮፌሰር ሊሆን የማስተርስ ዲግሪውን እንኳ ገና አልያዘም፤ ግን ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ ማንን ያስፈቅዳል? የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ የሥራ አመራርና የዓለም ኢኮኖሚክስ ሲማር ከርሟል። የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው በዚሁ በፋብሪካው ላይ ነበር፦ ከውጭ ከሚገባው ጫማ ጋር ተወዳድሮ የሚያዋጣው የትኛው ክፍል ነው? ሠንጠረዥ አራት ላይ «ስፌት ክፍል አያዋጣም፣ ይዘጋ፤ ስፌቱ ለሌላ ድርጅት ይሰጥ» ብሎ ቁጭ አደረገው።

ስፌት ክፍል ውስጥ ታላቅ እህቱ አለች። ማሽን ላይ ተቀምጣ ያስተማረችው እሷ ናት። ፕሮፌሰሩ ግን «ማንም የማያነበው የትምህርት ቤት ወረቀት ነው» ብሎ ተጽናና። ይባስ ብሎ መረጃ እንዲወስድ ስለፈቀዱለት አንዱን ቅጂ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰጣቸው። አይ የሱ ነገር! አነበቡታ።

ጥናቱን መምህራን ፊት ቆሞ የሚያስረዳበት ዲፌንስ አንድ ቀን ሲቀረው ምሳ ሰዓት ላይ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ደክሞሻል እታለም።»

«ምን ላድርግ። ዛሬም የቆራጮቹን ጥፋት ስንተረትር አረፈድን።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«የምን ዛሬ! የቀኑ ሲሶ በዚያ ያልቃል። እነሱ አጣመው ይቆርጣሉ፣ እኛ ፈትተን እንደገና እንሰፋለን።»

ሠንጠረዥ አራት ትዝ አለው። ለጥናቱ የእያንዳንዱን ክፍል የሥራ ሰዓት የወሰደው ከመቆጣጠሪያ ቅጹ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ማን የት እንደተቀመጠ እንጂ የማንን ጥፋት ሲጠግን እንደዋለ አይናገርም። ቢሮው ከስፌት ክፍል በላይ ነው፤ ደረጃው አሥራ ስምንት እርከን ብቻ። ወርዶ አልጠየቀም። ከሰዓት በኋላ ስሌቱን ደገመው። የሚያከስረው ቆረጣ ክፍል ሆኖ ተገኘ።

ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ መንገር ነበረበት። ፈራ። «መጀመሪያ ልመረቅ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ» ብሎ አደረ።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ዲፌንሱን ሊያዩ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ሠንጠረዥ አራት ግድግዳው ላይ ሲበራ ፕሮፌሰሩ አላስቻለውም።

«ይሄ ስህተት ነው» አለ። «ስፌት ክፍል ያዋጣል።»

መምህራኑ ተያዩ። ስለ ቅንነቱ አመሰገኑት፤ ጥናቱን እንደገና ሠርቶ በሚቀጥለው ዓመት እንዲመጣም ወሰኑ። ሥራ አስኪያጁን በር ላይ ደረሰባቸው።

«ምነው ትናንት ብትነግረኝ» አሉት፣ ሳይቆጡ። «የስፌት ክፍሉ የስንብት ደብዳቤ ጠዋት ታደለ። ማሽኖቹም ተሸጡ።»

እህቱን ፋብሪካው በር ላይ አገኛት። የስፌት ክፍሉ አሥራ አራቱም ሴቶች ደብዳቤያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ተመረቅህ?» አለችው ቀድማ።

«አልተመረቅኩም። እታለም፣ ያስወጣችሁ የኔ ጥናት ነው። ተሳስቼ ነበር።»

ደብዳቤዋን አየችው፤ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«መሳሳትህን መቼ አወቅህ?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አፉ እሺ አላለውም።

«ትናንት። ምሳ ላይ፣ አንቺ ስትነግሪኝ።»