ሦስት ዙር ገመድ

ሜረሪድ ያቺን አሮጌ ላንድሮቨር ስትረግማት ኖራለች። ባሏ ኢድዋል እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ምሳውን በቅጡ ሳይውጥ መኪናዋ ሥር ይጋደማል። በጋ ላይ መኪናዋን በገበሬዎች ትርኢት ሊያሳይ ሲወስዳት ደግሞ የዊንቹን ገመድ የሚያስይዘው ሚስቱን ነው። ዊንቹ ከመኪናዋ ፊት የቆመ አጭር ወፍራም የብረት ምሰሶ ነው፤ የሚያሽከረክረው ራሱ የመኪናዋ ሞተር ነው። ገመዱ ይጠመጠምበታል፤ ጫፉን የያዘው ሰው ሳብ ሲያደርግ ጥርቅም አድርጎ ይጎትታል፣ ላላ ሲያደርግ ይተዋል።

«ሌላዋን ባሏ ለሽርሽር ይወስዳታል፣ እኔ ገመድ ይዤ እገተራለሁ» ትለው ነበር።

አንድ የመጋቢት ቀን ከእርሻቸው ሥር ያለው ወንዝ ሞላ። ኢድዋል በጎቹን ሊያሸሽ በባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሉ ሲወርድ ጭቃው አንሸራተተውና ከነሞተር ሳይክሉ ውሃው ውስጥ ገባ። ሜረሪድ ስትደርስ የሞተር ሳይክሉ ብረት ሁለት እግሮቹን ደለሉ ውስጥ ቀብሮ ተጭኖታል፣ ውሃው ደረቱ ላይ ነው። ተራራው ላይ ደግሞ ዝናቡ አላባራም።

«ይቀዘቅዛል?» አለችው፣ የምትናገረው ጠፍቷት።

«ገብተሽ እይው» አላት።

የእሳት አደጋ ሰዎች ተጠርተዋል፤ ግን ድልድዩን ውሃ ስለዋጠው ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚመጡት። ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታቸው ጌሲን ነው፣ አዲሱን ፒካፕ ይዞ። በባትሪ የሚሠራው ዊንቹ ብረቱን ትንሽ ከፍ አደረገና አቃሰተ፣ የተቃጠለ ሽታ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም አለ። ብረቱ ተመልሶ ሲቀመጥ ኢድዋል ጮኸ። ውሃው አንገቱ ጋ ደርሷል።

«ላንድሮቨሯን አምጪያት» አላት።

ሜረሪድ አመጣቻት። ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ አቆመቻት፣ የእጅ ፍሬኗን ያዘች፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገች። ጌሲን ውሃው ውስጥ ገብቶ ገመዱን ከብረቱ ጋር አሰረና ተመልሶ ምሰሶው ላይ ይጠመጥም ጀመር፤ ጠመጠመ፣ አሁንም ጠመጠመ።

«ፍታው» አለችው።

«እንዳያመልጥ ብዬ እኮ ነው፣ አክስቴ። ብረቱን አላዩትም እንዴ?»

«እርጥብ ገመድ ሲበዛ እርስ በርሱ ይደራረባል። ከዚያ ብለቅለት እንኳ አይለቅም፤ ብረቱን ጎትቶ ኢድዋል ላይ ይገለብጥበታል። ሦስት ዙር ብቻ።»

«ሦስት ይበቃል?»

«ስማት» አለ ኢድዋል ከውሃው ውስጥ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «በዕድሜዋ አንድ ነገር ብትሰማኝ ይቺን ነው።»

ጌሲን ፈታና ሦስት ዙር ብቻ አስቀረ፤ ከዚያም ውሃው ውስጥ ገብቶ ኢድዋልን በብብቱ ያዘው። ሜረሪድ ሳብ አደረገች። የላንድሮቨሯ ሞተር ሳይቸኩል ሳይዝል ድም ድም ይላል፣ ምሰሶው ይዞራል፣ ብረቱ ከደለሉ ቀስ እያለ ተነሣ። ትንሽ ብታበዛ ይገለበጥበታል፤ ትንሽ ብታጎድል ተመልሶ ይጫነዋል። እዚያው ላይ ያዘችው። ገመዱ መዳፏን ላጠው፤ እሷ ግን ያን ሁሉ እሁድ እየመረቀች ነበር፣ የቀዘቀዘውን ምሳ፣ በዘይት የተበላሸውን ሸሚዝ፣ የተገተረችበትን ሜዳ ሁሉ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ኢድዋል፣ ሳላውቀው አስተማርከኝ፣ አለች በልቧ።

«ወጣ!» አለ ጌሲን። ሜረሪድ ሰማች፤ እጇ ግን አልሰማም። ጌሲን ኢድዋልን ተሸክሞ አጠገቧ ሣሩ ላይ እስኪያስቀምጠው ድረስ ገመዱን እንደያዘች ነበረች።

«ልቀቂው፣ የኔ እመቤት። ወጥቻለሁ» አላት ኢድዋል።

«ሙሉህን ነው?»

«እንጃ፣ እስቲ እግሬን ቁጠሪልኝ።»

ሜረሪድ ግን እውነትም ዞራ አየች። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጫማ የለውም፣ ጣቶቹ በብርድ ጠቁረዋል፣ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ተመስገን አለች፣ ገመዱንም ለቀቀች፤ ብረቱ ወረደና ወንዙ ዋጠው።